ፍቅርና አራት ግድግዳ፦ የ«ዊክኤንድ» የዲስክ እትም ከኮዬ ፈጬ ሲታይ

የእንግሊዛዊው አንድሩ ሄይ «ዊክኤንድ» ታሪኩ አጭር ነው። ራስል የመዋኛ ገንዳ ሕይወት አድን ሠራተኛ ነው። ዓርብ ማታ ኖቲንግሃም ውስጥ በአንድ ክበብ ከግሌን ጋር ይተዋወቃል። ሁለቱ ወንዶች ቅዳሜና እሑድን አብረው ያሳልፋሉ፤ ግሌን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሊሄድ ስለሆነ ባቡር ጣቢያ ላይ ይለያያሉ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2011 ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ በነሐሴ 2012 ደግሞ የዲስክ አሳታሚው ክራይቴርየን በዲቪዲና በብሉሬይ አሳተመው። የዲስክ እትም ከሲኒማ የተረፈውን መልቀሚያ ተደርጎ መቆጠሩ የተለመደ ነው። በዚህ ፊልም ላይ ግን የምከራከረው በተቃራኒው ነው፤ የተሠራው ለቤት ነው፤ ሙሉ የሚሆነውም ቤት ሲገባ ነው።

ምክንያቱ በአሠራሩ ውስጥ አለ። ሄይ ካሜራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያኖረው ፎቅ ላይ ባለችው የራስል ጠባብ ቤት ነው። ከመጀመሪያው ሌሊት በኋላ ግሌን የድምፅ መቅረጫ አውጥቶ ስለ ሌሊቱ ተናገር ይለዋል። ራስል ያፍራል፣ ይንተባተባል፣ ቃል ያጥረዋል። ከማንኛውም የአልጋ ትዕይንት ይልቅ ገመና የሚገለጥበት ይህ ንግግር ነው። ኋላ ላይ፣ በማደጎ ላደገውና ምሥጢሩን የሚነግረው አባት ለሌለው ራስል፣ ግሌን እንደ አባት ሆኖ ያዳምጠዋል። ካሜራው አይቸኩልም፤ ዝምታውንም አይቆርጥም። እንዲህ ያለ ትዕይንት አንዴ ታይቶ የሚታለፍ አይደለም። ወደኋላ መልሶ ማየት፣ ማቆም፣ ማታ ጀምሮ በማግስቱ መጨረስ ይፈልጋል። የእኛ የፍቅር ፊልሞች ጥንዶቹን በአብዛኛው በካፌና በመኪና ያገናኟቸውና የመኝታ ቤቱ በር ሲዘጋ ካሜራው ውጭ ይቀራል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ሰዎች ምን እንደሚባባሉ በፊልማችን ያየነው ጥቂት ነው፤ ይህ እጥረት ያሳስበኛል።

ኮዬ ፈጬ ሆኖ «ዊክኤንድ»ን የሚያይ ሰው የራስልን ሕንፃ አይቶ አይደነግጥም። በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣላቸው የኮንዶሚኒየም ሳይቶች አንዱ ይህ ነው፤ ኑሮው ፎቅ በፎቅ ነው። ልዩነቱ ያለው በሩ ላይ ነው። ራስል ብቻውን ይኖራል። እዚህ ግን በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ እናት፣ ልጆች፣ አንዳንዴም ለሥራ የመጣ የዘመድ ልጅ አለ። የብሎኬቱ ግድግዳ የጎረቤትን ሳል ያሳልፋል፤ ኮሪደሩ ገቢና ወጪውን ያውቃል። ስለዚህ የዲስክ አሳታሚዎች «የቤት ዕይታ» ሲሉ የሚታሰባቸው ዝግ ክፍል በብዙዎቻችን ቤት የለም። ያለው ስልክ፣ ማዳመጫና ብርድ ልብስ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ባደረገበትና የሃይማኖት አባቶች በሚያወግዙበት አገር፣ እንዲህ ያለ ፊልም በአደባባይ አዳራሽ ይታያል ብሎ ማሰብ አይቻልም። ብርድ ልብሱ አዳራሽም ክፍልም ሆኖ ያገለግላል።

ሲኒማን የሚዘጋው ደግሞ ሕግ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ዊክኤንድ» ጣሊያን ሲገባ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የፊልም ኮሚሽን ስላልተቀበለው፣ የቤተ ክርስቲያን የሆኑት በርካታ አዳራሾች አላሳዩትም፤ በአሥር ያህል ሲኒማ ብቻ ተከፈተ።

ክርክሬን የሚፈትነው ግን የጎረቤታችን የኬንያ «ራፊኪ» ነው። በዋኑሪ ካሂዩ ፊልም ኬናና ዚኪ የሚባሉ ሁለት ልጃገረዶች፣ በምርጫ የሚፎካከሩ አባቶች ልጆች፣ ናይሮቢ ውስጥ ሐሜት በማያጣው ሰፈር ይዋደዳሉ። የራሳቸው ክፍል የላቸውም፤ የሚሸሸጉት በተጣለ አሮጌ መኪና ውስጥ ነው፤ ሰፈርተኛው ደርሶ የሚደበድባቸውም እዚያው ነው። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ በር የሚዘጋ ክፍል የፍቅር ጌጥ መሆኑ ይቀርና መሠረቱ ሆኖ ይታየኛል። «ራፊኪ» እ.ኤ.አ. በ2018 ታገደ፤ በመስከረም ፍርድ ቤት እገዳውን ለሰባት ቀናት አነሣ፤ የናይሮቢ ተመልካችም አዳራሽ ሞላ። ለዚያ ፊልም ሲኒማው ራሱ ክፍል ሆነለት፤ ፍቅራቸውን ሕዝብ ፊት የተነጠቁት ልጃገረዶች ሕዝብ መካከል ሊታዩ ይገባል። «ራፊኪ»ን ብቻውን በስልክ ያየ ሰው ይህ ይቀርበታል። «ዊክኤንድ»ን እንዲሁ ያየ ግን ብዙም አይጎድልበትም።

የሚጎድልበት ሌላ ነገር ነው። የክራይቴርየን ዲስክ ፊልሙን ብቻ አልያዘም፤ የሄይ ሁለት ቀደምት አጫጭር ፊልሞች፣ የሁለቱ ተዋንያን፣ የቶም ከለንና የክሪስ ኒው፣ የሙከራ ቀረጻ፣ ስለ ፊልሙ አሠራር የተደረገ ውይይትና የሐያሲ ጽሑፍ አብረው አሉ። ሙከራውን ያየ ሰው ያ መንተባተብ በልምምድ የተገኘ የጥበብ ሥራ መሆኑን ይረዳል። በፍላሽና በቴሌግራም እየተቀባበለ አዲስ አበባ የሚደርሰው ፋይል ከዚህ ሁሉ የተራቆተ ነው። ተመልካቹ የሌላውን ገመና ያያል፤ ገመናው እንዴት እንደተሠራ የሚያስረዳው ግን የለም፤ ሥራውን እንደ ወሬ ወይም እንደ ነውር ብቻ ለማየት ይገደዳል። የሂስ መጽሔቶቻችን ስለ እነዚህ ፊልሞች ዝም ባሉ ቁጥር ይህ ክፍተት ይሰፋል።