ቀሚሱና ገመዱ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ምሳሌ ቤት አመታቱ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ቀሚሱን በለባሹ ላይ አየው እንጂ በገመድ ላይ አላየውም። በእንጦጦ ማርያም ዳገት ለጥር 11 ቀን የሚለበሰው ነጭ ልብስ ታሽቶና ተጨምቆ በባሕር ዛፎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ይሰጣል። ነፋሱ ቢበርድም የጥር ፀሓይ ብርቱ ናትና ቶሎ ይደርቃል። ምሳሌው ነሐሴ 16 ቀን ለፍልሰታ ስለሚለበሰው ቢነገር ኖሮ እንዲህ ባልደፈረ ነበር፤ በዚያ ወራት ጉሙ ተራራውን ይሸፍናል፣ እርጥቡም ነጠላ ከገመድ ወርዶ ወደ ምድጃ ዳር ይሄዳል። «ይበጣጠስ» ማለትስ ለለባሽ ቀላል ነው፤ ክሩን ከእንዝርት ላወጣችው፣ ጥለቱ እንዳይለቅም ተጠንቅቃ ላጠበችው ሴት ግን ከባድ ቃል ነው። በምሳሌው ውስጥ እርስዋ የለችም።