የሃሎፔሪዶል ጣሪያና የመንዝ እንዝርት፦ ስለ ኤምኤችጋፕ መመሪያ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው የኤምኤችጋፕ መመሪያ ሁለተኛ እትም፣ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት በሌለበት ለሚሠሩ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች የተዘጋጀ ነው። በአገራችንም ብዙ ባለሙያዎች ሠልጥነውበታል። በመሐል ሜዳ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ተመላላሽ ታካሚ ለሚያይ ባለሙያ ጥቅሙ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ የሳይኮሲስ ምዕራፉ መድኃኒቶቹ በሰውነት እንቅስቃሴ ላይ የሚያስከትሉትን ጉዳት ያቀረበበት አኳኋን ነው።

መመሪያው ሃሎፔሪዶል በቀን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊግራም እንዲጀመር ያዛል፤ ይህ ትክክል ነው። እዚያው ግን ጣሪያው 20 ሚሊግራም መሆኑን ይገልጻል። ሥራ የበዛበት ባለሙያ የሚያስታውሰው ደግሞ ጣሪያውን ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ዲ2 የተባሉትን የዶፓሚን ተቀባዮች በመዝጋት ሲሆን፣ እንቅስቃሴን የሚያስተባብሩትን ቤዛል ጋንግሊያ ለይቶ አይተዋቸውም። ካፑርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታመሙ ሰዎች የመሻላቸው ዕድል የጨመረው 65 በመቶ የሚሆነው ተቀባይ ሲያዝ ነው፤ የእንቅስቃሴ ችግር የጎላው ደግሞ ከ78 በመቶ ሲያልፍ። የተሰጣቸው መነሻ መጠንም 1 ወይም 2.5 ሚሊግራም ብቻ ነበር። እንግዲህ በጥቅሙና በጉዳቱ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ መመሪያው ይህን ጥበት አንባቢው እንዲሰማው አያደርግም።

የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ስም ተዘርዝሯል፤ ምርመራቸው ግን ደረጃ በደረጃ አልተገለጸም። ከሁሉ ይልቅ የምንስተው አካቲዚያን ይመስለኛል። ታማሚው መቀመጥ ያቅተዋል፣ ይንቆራጠጣል፣ ሌሊት ይነሣል። ቤተሰቡ «ብሶበታል» ይላል፤ እኛም አምነን መጠኑን እንጨምራለን፤ መንቆራጠጡም ይብሳል። ዲስቶኒያ ሲሆን ደግሞ አንገት ይጣመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል። ይህን ያየ ቤተሰብ ርኩስ መንፈስ ተነሣ ብሎ መድኃኒቱን ቢያስጥል አይፈረድበትም፤ አስቀድመን አልነገርነውምና።

በመንዝና በግሼ ደጋ የበግ ጠጉር ፈትሎ ባና መሥራት የቆየ ሙያ ነው። ጠጉር የምትፈትል ታካሚ ስትመጣ «እጅሽ ይንቀጠቀጣል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ፣ እንዝርቱን እንደ ቀድሞው ታሾረው እንደሆነ መጠየቅ ይበልጣል። ገበሬውንም እርፍ ስለመያዙና ማጭድ ስለመጨበጡ፣ ከጀማ ሸለቆ ወጥቶ የመጣውን የመርሐቤቴ ሰው ደግሞ ዳገቱን እንዴት እንደወጣው ልንጠይቅ ይገባል። ለጥያቄው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የግትርነትና የእንቅስቃሴ ዝግመት ምልክት በምርመራ አልጋ ላይ ከመታየቱ በፊት በሥራ ላይ ይታወቃልና።

ትራይሄክሲፌኒዲልን (በተለምዶ አርቴን) በሚመለከት ጥፋቱ የመመሪያው ሳይሆን የእኛ ነው። መመሪያው ለመከላከያ በዘልማድ እንዳይሰጥ፣ ቢያስፈልግም ለአጭር ጊዜ እንዲሆን በግልጽ ይናገራል። እኛ ግን ከሃሎፔሪዶሉ ጋር ከመጀመሪያው ቀን አንሥተን እንጽፈዋለን፤ ለዓመታትም እንረሳዋለን። አፍ ያደርቃል፣ የማስታወስ ችሎታን ያውካል፤ ዘግይቶ የሚመጣውን የአፍና የምላስ መንቀሳቀስ፣ ማለትም ታርዲቭ ዲስኪኔዥያን፣ ሊያባብሰው ይችላል።

የፍሉፌናዚን መርፌን ስንመርጥ የበለጠ ማመንታት ይገባናል። ቤቱ ከጤና ጣቢያ ሩቅ ለሆነ ታካሚ በየሳምንታቱ አንድ መርፌ ከዕለታዊ ክኒን እንደሚቀል እሙን ነው። ነገር ግን ክኒን ዛሬ ይቆማል፤ የተወጋ መርፌ አይመለስም። የእግር ጉዞው ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሰው አንገቱ ቢጣመም ወይም መቀመጥ ቢያቅተው ሳምንታቱን የሚያሳልፈው ብቻውን ነው። ስለዚህ ያንኑ ዓይነት መድኃኒት በክኒን ሞክሮ ሳይታይ፣ አስታማሚውም የአደጋውን ምልክት ሳያውቅ መርፌው ባይሰጥ እመርጣለሁ።