ቲቸር

ደብረ ማርቆስ ላይ የቆሎ ተማሪው መምህሩን «የኔታ» ይላል፤ የሁለተኛ ደረጃው ተማሪ «ቲቸር»። የእኛ የእንግሊዝኛ መምህር ለእኔ ሁለቱም ነበሩ።

በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ከማቻከልና ከአነደድ መጥቶ ቤት የተከራየ፣ በየሳምንቱ ስንቅ የሚያመላልስ ልጅ ቋንቋው ካቃተው ሁሉም ትምህርት ያቅተዋል። ቲቸር ይህን ያውቁ ነበር። እሳቸው ራሳቸው በ1955 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ማስተማር ከጀመሩት የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን እጅ የተማሩ ናቸው። አስተማሪነታቸው ግን የጎጃም ነው፤ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር እንደ ቅኔ ያስፈቱናል። ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዋናውን ግሥ፣ ሳናገኝ ወደ ትርጉሙ አያሻግሩንም። የተሳሳተውን አይሰድቡም፤ «እስቲ መልሰህ አንብበው፣ ልጄ» ይላሉ፣ ሦስቴም አራቴም። ያ ትዕግሥት ዛሬም ይገርመኛል።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ከባድ ዓረፍተ ነገር በገጠመኝ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው ግሡን ነው፤ ተማሪዎቼም እንዲሁ እንዲፈልጉ አደርጋለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ፊደልም ሆነ ቋንቋ ያስያዙህ መምህር በሕይወት ካሉ፣ ለበዓል አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቃቸው።