በቦሌ ያልወጣው ልጅ

ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ልጁን የሚሸኝ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ አያወራም። ሻንጣ ይገፋል፣ «በርታ» ይላል፣ አለቀ። ልጁም «እሺ አባዬ» ይላል። ቤታችን ውስጥ አባትና ልጅ የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ በዚህች «እሺ» ውስጥ ነው።

የአብርሃም ቨርጌዝን «ከቲንግ ፎር ስቶን» (እ.ኤ.አ. 2009) ሳነብ የፈለግኩት ይህንኑ ጠብ ነበር። ቨርጌዝ እ.ኤ.አ. በ1955 አዲስ አበባ የተወለደ ሐኪም ነው፤ ወላጆቹ ከህንድ፣ ከኬረላ መጥተው እዚህ ያስተማሩ መምህራን ነበሩ። አባቶቻችን ስለ ትምህርት ቤት ሲያወሩ ጥብቅ ህንዳዊ አስተማሪ አይጠፋም። እና ልብ ወለዱ ላይም ቆፍጣና ህንዳዊ አባትና እምቢተኛ ልጅ ብንጠብቅ አይፈረድብንም።

ቨርጌዝ ግን ነገሩን ገልብጦታል። (መጨረሻውንም ስለማነሳ ያላነበባችሁ ተጠንቀቁ።) መንትዮቹን ማሪዮንና ሺቫን የሚያሳድገው ህንዳዊው ዶክተር ጎሽ ተጫዋችና ሆደ ቡቡ ነው። ወላጅ አባታቸው፣ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቶማስ ስቶን፣ እናታቸው በወሊድ ስትሞት ጥሏቸው ይጠፋል። ጎሽ የማሪዮንን እጅ ይዞ የበሽተኛ የደም ትርታ መዳሰስ ያስተምረዋል። የስቶን እጅ ግን ልጆቹ ላይ የሚያርፈው በመሣሪያ ነው፤ ሲወለዱ የአንዱን ጭንቅላት ለመስበር ይሞክራል፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሺቫ ጉበት ተከፍሎ ለማሪዮን ሲሰጥ ከቀዶ ሐኪሞቹ አንዱ ይሆናል።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። ጎሽ ከመጠን በላይ ጥሩ ነው፤ ልጅ ከእሱ ጋር በምን ይጣላ? ስለዚህ የቤቱ እሳት በሙሉ አብራቸው ባደገችው ኤርትራዊት፣ በገነት ላይ ይወርዳል። የምትገረዘው እሷ፣ የምትሸፍተው እሷ፣ የምትሞተውም እሷ ናት። ማሪዮን የሚታመመው ከእሷ በተላለፈበት የጉበት በሽታ ነው፤ ያ በሽታ ነው አባትና ልጆችን ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚያገናኛቸው። የወንዶቹ እርቅ ሒሳብ በሴቷ አካል ተከፈለ። ይህን ደራሲው በቅጡ የጠየቀው አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን አሳምሮ ይዟል፦ አደራ። ጎሽ ሊሞት ሲል ማሪዮንን ስቶንን እንዲፈልግለት አደራ ይለዋል። ገነት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጠለፋ ውስጥ ስትገባ ማሪዮንም ይጠረጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በየብስ፣ በኤርትራ በኩል ይሸሻል። በቦሌ የሚሸኘው አባት የለም። አደራው ግን አብሮት ይሄዳል፣ ያውም ሊያየው ወደማይፈልገው ሰው።

ቆፍጣና አባትን «እምቢ» ብሎ መሄድ ይቻላል። ደግ አባት ጥሎት የሄደውን አደራ ግን ማን ላይ ቆሞ እምቢ ይሉታል? ሀገር ጥለው የወጡ ልጆች ለዚህ ጥያቄ ብቻ ብለው እንኳን ቢያነቡት አይቆጩም።