በመንገድ የሚባክን ብርሃን

የመኪና መብራት በተነሣ ቁጥር የሰው አሳብ የሚሄደው ጎዳናውን ወደሚያሳየው ወደ ፊት መብራት ነው፤ ከመሪው ባሻገር ተቀምጦ ለነጂው ብቻ የሚያበራውን፣ የፍጥነቱን ልክ፣ የነዳጁን መጠንና የሞተሩን ደኅንነት የሚነግረውን ትንሹን የዳሽቦርድ ብርሃን ግን እስኪደክም ድረስ ማንም አያስታውሰውም። ድካሙም በአንድ ሌሊት የሚመጣ አይደለም፤ ከዓመት ወደ ዓመት ጥቂት በጥቂት እየጎደለ ይሄድና፣ ነጂው ቁጥሩን ለማንበብ አንገቱን ማስገግ የጀመረበትን ጊዜ እንኳ ልብ ሳይል፣ አንድ ምሽት የጣርማ በርን ጉም ሲያቋርጥ የነዳጁ መርፌ የት ላይ እንደ ቆመ መለየት ይሳነዋል። ያን ጊዜ ወደ እኛ ወደ መኪና ኤሌክትሪሺያኖች ይመጣል፤ የሚያቀርበውም ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከፍ ያለ አምፖል ይግባልኝ ይላል።

በዚህ ሙያ እንጀራዬን ስበላ የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ፣ ይህ ጥያቄ ከቅን ልብ የሚመነጭ መሆኑን ባውቅም፣ የነገሩን መንሥኤ የሳተ መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ብርሃኑ የደከመበት አሮጌ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ኃይል ያነሰው መኪና አይደለም፤ ባትሪው ደኅና ከሆነ የሚሰጠው ኃይል መኪናው አዲስ በነበረበት ዘመን ይሰጥ ከነበረው አይለይም፤ ሕፀፁ ያለው ኃይሉ ከባትሪው ተነሥቶ አምፖሉን አብርቶ እስኪመለስ ድረስ በሚሄድበት ፍኖት ላይ ነው። ስለዚህ የባለሙያው ተግባር በጎደለው ላይ ሌላ መጨመር ሳይሆን፣ የጎደለው በየትኛው ሥፍራ እንደ ባከነ መርምሮ ማግኘት ነው።

ለምሳሌ እንዲሆነን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ዛሬም የማይጠፋውን፣ ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራውን አሮጌውን ቮልስዋገን እንውሰድ። ይህ መኪና በጀርመን አገር ተጀምሮ፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፑዌብላ ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ ሲሆን፣ ነገሩ ሁሉ የሚታይና የሚዳሰስ ስለሆነ ለሙያው ጀማሪ ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያስተምራል። ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ፣ የፊቱን ኮፈን ከፍቶ የካርቶኑን መሸፈኛ ያነሣ ሰው የፍጥነት መቁጠሪያውን ጀርባ በግልጽ ያገኘዋል፤ ከግራው የፊት ጎማ እየዞረ የሚመጣው ገመድ በመካከሉ ገብቶ፣ በዙሪያው አምፖሎቹን የያዙ ትንንሽ ፖርታላምፓዎች ተሰክተው ይታያሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እንደ አረንጓዴው የዘይትና እንደ ቀዩ የዲናሞ ምልክት ለማስጠንቀቂያ የተሠሩ ናቸው፣ የቀሩት ደግሞ ሰሌዳውን ያበራሉ። ኃይሉ ከባትሪው ተነሥቶ ወደ መብራቱ ማብሪያ ይመጣል፤ የማብሪያው እጀታ ሲሳብ መብራቱን ያበራል፣ ሲዞር ደግሞ የዳሽቦርዱን ብርሃን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል፤ ከዚያም ጀርመኖች 58 ቢ ብለው በሰየሙት መውጫ በኩል ወደ አምፖሎቹ ይደርስና፣ 31 የሚል ቁጥር በተሰጠው ማሳ በምንለው በቡናማው የመመለሻ ሽቦና በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ይመለሳል።

በዚህ ፍኖት ላይ የምትገባ እጅግ ጥቂት መሰናክል ስለምን ይህን ያህል ጥፋት እንደምታደርስ ለመረዳት፣ የፊዚክስ ሊቁ ጌኦርግ ሲሞን ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጠውን ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሰሌዳውን የሚያበሩት አምፖሎች ሁለት ቢሆኑ፣ እያንዳንዳቸውም 2 ዋት ቢሆኑ፣ ሁለቱ በአንድነት ከ12 ቮልት ባትሪ የሚስቡት የአንድ አምፔር ሲሶ ያህል ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ካለ ዝገት የተነሣ 5 ኦም የሚያህል ተቃውሞ ቢገባ፣ ከ12ቱ ቮልት አንድ ተኩል ያህሉ በዝገቱ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንድ ተኩል ቮልት ለሚሰማው ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የክር አምፖል ባሕርይ እንዲህ ነው፤ ቮልቱ በዐሥረኛ እጅ ሲጎድል ብርሃኑ በሲሶ ገደማ ይጎድላል፤ ቮልቱ በአምስተኛ እጅ ሲጎድል ደግሞ ብርሃኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የዳሽቦርዱ አምፖል የቮልቱን ጉድለት ይህን ያህል አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ ዝገቱ የመኪናውን ሌላ ሥራ ሳያውክ የንባቡን ብርሃን ብቻ ያደክመዋል።

ፍለጋው እጅን ከመዘርጋቱ በፊት በማስተዋል ይጀምራል። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ብርሃኑ ደክሞ፣ ነዳጅ ሲሰጠው የሚበረታ ከሆነ፣ ጉዳዩ የዲናሞውና የባትሪው ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ጥቂት መድከም ግን የአሮጌ ዲናሞ ባሕርይ ስለሆነ ለብቻው እንደ ሕመም አይቆጠርም። የኋላው መብራትም አብሮ የደከመ እንደ ሆነ ጉድለቱ ሁለቱ መንገዶች ከመለያየታቸው በፊት ባለው ሥፍራ ነው፤ የኋላው ደምቆ ዳሽቦርዱ ብቻ ከፈዘዘ ግን በማብሪያው ውስጥ ካለው የብርሃን መቀነሻ ጀምሮ እስከ ማሳው ያለውን መመርመር ይገባል። ይህን ያህል ለማወቅ አንድም ብሎን መፍታት አያስፈልግም፤ ዳሩ ግን ጥድፊያ የሚበዛበት ሠራተኛ ይህን ትቶ ካቻቢቴውን ያነሣል።

መቀነሻው በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ከተፈታ በኋላ ማብሪያውን ከሰሌዳው አውጥቶ ጀርባውን የተመለከተ ሰው፣ በሸክላ ላይ እንደ ጥምጥም የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦና፣ እጀታው ሲዞር በሽቦው ላይ የሚንሸራተት የነሐስ ምላስ ያገኛል። ምላሱ በጥምጥሙ ላይ ረጅም መንገድ በሄደ መጠን ኃይሉ ብዙ ሽቦ ማለፍ ስለሚኖርበት ብርሃኑ ይቀንሳል። ነገር ግን ባለቤቶች አብዛኛውን ጊዜ እጀታውን አንድ ጊዜ ካስተካከሉት በኋላ ለዓመታት አይነኩትም፤ ምላሱም በአንድ ቦታ ተኝቶ ሲኖር ከሥሩ ያለው ሽቦ ይጠቁራል፣ ነሐሱም ላይ ቡናማ ቆዳ ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት እጀታው እስከ መጨረሻው ቢዞር እንኳ ብርሃኑ አይመጣም። መድኃኒቱ እጀታውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ማዞር፣ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ፈሳሽ በጥቂቱ ነፍቶ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ምላሱም ላልቶ እንደ ሆነ ሽቦውን በደንብ እንዲጫን በጥንቃቄ መመለስ ነው። ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት እዚህ ሥፍራ አይገባም፤ ቀጭኑን ሽቦ ይበላዋልና። ሽቦው ተበጥሶ ከተገኘ ብቻ ወደ መለዋወጫ ገበያው ወደ ሶማሌ ተራ ወርዶ ምትክ መፈለግ ግድ ይሆናል።

ቀጥሎ አምፖሉ ይመረመራል። የተንግስተኑ ክር በነደደ ቁጥር ከላዩ ጥቂት እየተነነ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለሚያርፍ፣ ብዙ ያገለገለ አምፖል ሳይቃጠል ይጠቁራል፤ ከነጭ ወረቀት ጋር አስተያይቶ ማየት ይበቃል። የጠቆረው ቀድሞ በነበረው ዋት ይተካል እንጂ ከፍ ባለ አይተካም፤ በተዘጋው የመቁጠሪያ ቤት ውስጥ ትርፍ ሙቀት ቢነድ የሰሌዳውን ቀለም ያጠወልጋል፣ ፕላስቲኩን ያጣምማል፣ መቀነሻውንም ከዐቅሙ በላይ ያግለዋል። ከዚህም ጋር ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ፤ ብርሃኑ በቀጥታ በቁጥሮቹ ላይ የሚወድቅ ሳይሆን፣ ነጭ በተቀባው የመቁጠሪያው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተንጸባርቆ የሚደርስ ስለሆነ፣ ያ ነጭ ቀለም በዕድሜና በአቧራ ሲጠወልግ ምንም ሽቦ ሳይጎዳ ብርሃን ይጠፋል። መቁጠሪያውን መክፈት የግድ ከሆነ፣ ግድግዳውን አጽድቶ ማብረቅረቅ በሌለበት ነጭ ቀለም በስሱ መቀባት ብርሃኑን ይመልሰዋል፤ የመርፌውንና የቁጥሮቹን ቀለም ግን በአልኮል ማበስ ፈጽሞ አይገባም፤ የተላቀቀ ቁጥር አይመለስምና።

ከሁሉ የሚከብደው የማሳው ጉዳይ ነው፤ ሠራተኞች ወደ አምፖሉ የሚሄደውን እንጂ ከአምፖሉ የሚመለሰውን መንገድ መመርመር አይወዱምና። በዚህ ላይ የቮልት መለኪያው ቴስተር ራሱ ያልተጠነቀቀውን ያስታል። አምፖሉን አውጥቶ በባዶው ፖርታላምፓ ላይ የለካ ሰው ሙሉ 12 ቮልት ያነባል፤ ቴስተሩ የሚስበው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ በዛገ መገናኛ ላይ እንኳ የሚጎድል ነገር አይታይም። እውነተኛው ልኬት የሚገኘው አምፖሉ እየበራ ሳለ ነው፤ አንደኛው የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሁለተኛው በመቁጠሪያው ብረት ላይ ሲያርፍ ከ0.2 ቮልት በላይ የሚነበብ ከሆነ ኃይሉ በመመለሻው መንገድ እየባከነ መሆኑ ታወቀ። ያን ጊዜ የቡናማውን ሽቦ ጫፍ ከተሰካበት አውጥቶ ብረቱ እስኪያበራ ማጽዳትና አጥብቆ መልሶ ማሰር ሥራውን ይፈጽመዋል።

አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ መምህር ከወጣትነታቸው ጀምሮ የነዱትን ቮልስ ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ትልቅ አምፖል ግጠምልኝና ልሂድ» አሉኝ። «ጋሼ፣ አስቀድሜ የጠፋውን ልፈልግልዎ» ብዬ ብለካው ጉድለቱ ማሳው ላይ ተገኘ፤ ጸዳ፣ ታሰረ፣ ቴስተሩም ምንም የሚጎድል እንደሌለ አሳየ። ሲመሽ መጥተው ሲያዩት ግን «ተሻሽሏል፤ እንደ ጥንቱ ግን አይደለም» አሉ። እኔም በአክብሮት፣ መኪናው ወደ ልኩ እንደ ተመለሰ፣ የስድሳ ዓመት ሰው ዓይን ግን በሃያ ዓመት ወጣት ዓይን ከሚገባው ብርሃን የሚቀበለው ሲሶውን ያህል ብቻ እንደ ሆነ ገልጬ፣ የዓይን ሐኪም ቢያይዎ መልካም ነው አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፣ «ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር» ብለው ምክሩን በደስታ ተቀበሉ። አምፖሉን ከፍ ባደርግላቸው ኖሮ ግን፣ የማሳው ዝገትም የዓይናቸውም ነገር ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

የዳሽቦርድ ብርሃን እጅግ እንዲደምቅ የተሠራ አለመሆኑንም መዘንጋት አይገባም። የሰው ዓይን ጨለማን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ያገኘውንም ልማድ አንድ ብርቱ ብርሃን በቅጽበት ያፈርስበታል፤ ስለዚህ ከመሪው ፊት የሚያንጸባርቅ ሰሌዳ በጎዳናው ዳር የሚሄደውን እግረኛ ከነጂው ዓይን ይሰውራል። በሌሊት ሰዓታት የሚቆም ካህን ጧፉን ከመጽሐፉ ጎን ይዞ ፊደሉን ያበራል እንጂ ነበልባሉን በዓይኑ ፊት እንደማያቆም ሁሉ፣ የመኪናውም ሰሌዳ የሚነበብ እንጂ የሚያስደንቅ መሆን የለበትም። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው የኤልኢዲ አምፖል በዚህ ረገድ ጥንቃቄ ይሻል፤ የሚስበው ኃይል ጥቂት ስለሆነ አሮጌው መቀነሻ ሊገዛው አይችልም፣ እጀታው ቢዞርም ብርሃኑ አይለዝብም። ኦልተርኔተር ባለው መኪና ደግሞ ቀዩን የቻርጅ ምልክት በኤልኢዲ የተካ ሰው ኦልተርኔተሩ ሥራ እንዳይጀምር ሊያደርግ ይችላል፤ በዚያ አምፖል በኩል የሚያልፈው ኃይል ለብርሃን ብቻ ሳይሆን ኦልተርኔተሩን ለማስነሣት ጭምር የሚያገለግል ነውና።

እንግዲህ የዚህ ሙያ ትልቁ ፈተና በሽቦው ላይ ሳይሆን በሂሳቡ ላይ ይገኛል። አዲስ ዕቃ ለገጠመ ሠራተኛ ደንበኛው ሳይከራከር ይከፍላል፤ ግማሽ ቀን መርምሮ አንድ የዛገ ጫፍ ላጸዳ ሠራተኛ ግን «ምን ቀየርህና?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ወጣቱን ሠራተኛ ያልተበላሸ ዕቃ ወደ መቀየር ስለሚገፋው፣ ከእኔ ጋር የሚሠሩትን ልጆች ከመንካታቸው በፊት የለኩትን ቮልት በወረቀት እንዲጽፉ፣ ሥራውንም ሲፈጽሙ በዚያው ሥፍራ ለክተው ከጎኑ እንዲያሰፍሩና ወረቀቱን ለባለመኪናው እንዲያሳዩት አዝዣለሁ። በማሳው ላይ አንድ ተኩል ቮልት ሲባክን እንደ ነበረና አሁን ከዐሥረኛ ቮልት በታች እንደ ሆነ በዓይኑ ያነበበ ሰው፣ ምንም አዲስ ዕቃ ባይቀበልም ስለ ምን እንደሚከፍል ያውቃል። ሠራተኛውም የድካሙን ዋጋ በእውነት ስለሚያገኝ ደኅናውን ዕቃ አውጥቶ የመጣል ምክንያት አይኖረውም፤ መርምሮ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖ ሊከበርና ሊከፈልበት የሚገባ መሆኑን ደንበኛውም ሠራተኛውም በአንድነት ካመኑ፣ አሮጌዎቹ መኪኖቻችን ገና ብዙ ዘመን በደኅና ያገለግሉናል።