የፎርድ ሞዴል ቲን መሪ ለሚፈትሽ

አሮጌ መኪና ሊገዛ ሄዶ መሪው ስለቀለለው ብቻ የሚደሰት ብዙ ነው። እኔን ግን ቅለት አያሳምነኝም፤ ያለቀ መሪም ይቀላል። የደህና መሪ ምልክቱ ታጥፎ ሲለቀቅ ራሱን ችሎ መመለሱ ነው።

ከ1908 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራውን ፎርድ ሞዴል ቲን እንይ። የመሪው ጥርሶች ታች ሻንሲው ላይ ሳይሆኑ እላይ፣ ከመሪው እምብርት ሥር ናቸው። መሪው አራት ዙር ሲዞር ዘንጉ አንድ ዙር ነው የሚዞረው፤ በ1926 ሞዴል ይህ 5 ለ 1 ሆኗል። ስለዚህ ታች መጋጠሚያው ላይ ያለች የፀጉር ያህል ክፍተት እጅዎ ላይ የምትደርሰው ተባዝታ ነው።

በቅድሚያ የፊት ጎማዎቹን ነፋስ ይዩ። ጎማ ሲጎድል ደህናው መሪ ይታማል። ከዚያ ሌላ ሰው መሪውን በሁለት ጣት ግራ ቀኝ ያወዛውዝልዎ፤ እርስዎ ከሥር ገብተው ዘንጉ ጫፍ ያለችውን የብረት ኳስ ይመልከቱ። ኳሷ ቀድማ የሚያያዛት ዘንግ ከዘገየ፣ ልልነቱ እዚያ ነው። ሻጮች ይህን የሚሸፍኑበት ዘዴ አላቸው፦ የኳሷን ክዳን በሞረድ አሳንሰው ያጠብቁታል። ያለቀች ኳስ ግን ክብ አይደለችም፤ እንቁላል መስላለች። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጥብቅ ይመስላል፣ ሲታጠፍ መሪው ይነክሳል። ክዳኑን አስፈትተው ኳሷን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ጣት አይሳሳትም።

ሜዳ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዱ ትንሽ ያጥፉና እጅዎን ያላሉ። የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ፔርኖ በግምት 5½ ዲግሪ ወደ ኋላ ስለተጋደመ መሪው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ የፊቱን በክሪክ ያንሱ። ተነሥቶ በአንድ ጣት ከዳር እስከ ዳር እኩል ከዞረ፣ ፍትጊያውን ይተዉትና አክስሉን ከኋላ የሚይዘው ሹካ መሰል ዘንግ ተጣሞ እንደሆነ ይመርምሩ። ተነሥቶም ከከበደ ከኳሷ የሚያያዘውን ዘንግ ከጎማዎቹ ይለዩ፤ ጎማዎቹ አሁንም ከከበዱ ፔርኖና ቦኮላ ግራሶ ጠምቷቸዋል፣ ከቀለሉ ችግሩ እላይ ጥርሶቹ ጋ ነው።

የደረቀ መሪ በግራሶ ይድናል። ኳሷ እንቁላል የሆነችን መኪና ግን ኳሷ ሳትቀየር አይንዱ፤ መጋጠሚያው ሲያልቅ ጥግ ድረስ የታጠፈ መሪ ከመሐል አልፎ ተገልብጦ ሊቆለፍ ይችላል።