ከንፈሩ የልጅ፣ ድምፁ የፍላሽ

የወላጆች ቀን ተጠርቼ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። የጉራጌው፣ የወላይታው፣ የጎጃሙ ጭፈራ በየተራ ወጣ፤ ልብሱ በኪራይ፣ ዘፈኑ በፍላሽ። ልጆቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። የኪራዩን ያላመጡትስ አትሉም? ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ከኋላ ያጨበጭባሉ። ዝግጅቱ ግን «የተማሪዎች» ይባላል።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት እያስተማረ ቴአትር ይጽፍ፣ ተማሪዎቹንም መድረክ ላይ ያወጣ ነበር። አፍ አውጥቶ መናገር የሚለመደው እንዲህ ነው፤ ኪራይም አያስፈልገው።

የዚያን ቀን የራሱን ቃል ይዞ የመጣው አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ስለ ታክሲ ሰልፍ የጻፈውን ግጥም። አዳራሹ ከልቡ የሳቀው ያኔ ነበር። ሁለተኛውን ሊያነብ ሲል «ሰዓት የለም» ተባለና ፍላሹ ተከፈተ።